የከረመ ጠጅ፦ ከአክስቴ መደብ ሥር

ጥቅምት 22 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

ዛሬ በሆዴ ተስቤ አክስቴ መደብ ሥር ገባሁ። ስልኬን እንደ ባትሪ በአፌ ይዤ፣ ደብተሩን በብብቴ ሸጉጬ። ድሮ ድንች ይቀመጥበት በነበረው ጉርጓድ ውስጥ አሁን ያሉት የኔ ጠርሙሶች ናቸው። ከ2007 ጀምሮ እቤት ከሚጣለው ጠጅ በየዓመቱ ጥቂት እየነጠልኩ እዚያ አስገባለሁ። ማንም አይነካውም። ከሠርግ በስተቀር ማለቴ ነው።

ወይን ጠማቂዎች ይህን ልማድ ያውቁታል። ከየዓመቱ ምርት ጥቂቱን ሳይሸጡ ያስቀራሉ። ስብስቡን «ቤተ መጻሕፍት» ይሉታል። አልፎ አልፎ አንዱን ከፍተው ወይኑ የት እንደደረሰ ያያሉ። አክስቴ የኔን «መዝገብ ቤት» ብላዋለች። የገባ ፋይል አይወጣም ማለቷ ነው።

እሷ በዚህ ነገር ጭራሽ አታምንም። ጠጅ ለበዓል ይጣላል፣ በበዓል ያልቃል። የተረፈ ካለ ይኮመጥጣል። «የከረመ ጠጅ ምን ይረባል?» ትላለች። ግን የምታውቀው ጠጅ በጋን ያለ፣ አፉ በየሰዓቱ የሚከፈት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣሳ የሚገባበት ነው። እንደዚያ ከሆነማ የትኛው መጠጥ ይቆያል?

ለማንኛውም ቆጠራው ይኸው። ከ2007፣ 2 ጠርሙስ። ከ2008፣ 1። ከ2010፣ 3። ከ2011፣ 5። ከ2012፣ 6። ከ2013፣ 4። ከ2014፣ 3። ከ2015፣ 4። ከ2017፣ 6። ድምሩ 34።

የ2009 የለም። የአክስቴ ልጅ ያገባ ጊዜ ተጠጣ፤ ጎትቶ ያወጣው ራሱ ሙሽራው ነው። የ2016ም የለም። ያን ዓመት መንገድ ተዘግቶ ማር አልመጣልንም። ደብተሩ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ጽፌ ጎኑን ባዶ ትቼዋለሁ።

የጉርጓዱ ሙቀት 16 ዲግሪ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ግድግዳውም ወፍራም ጭቃ ስለሆነ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ይሄን እናገኛለን። ሀሳቤ ከየዓመቱ አንድ አንድ ከፍቼ መቅመስና የዘንድሮውን ጠጅ በዚያው መሠረት መጣል ነው። የኅዳር ማር ሊቆረጥ ሳምንታት ናቸው የቀሩት።

አንድ የሚያሳስብ ነገር አየሁ። የ2015 ጠርሙሶች ላይ ጠጁ ከአንገት በታች ወርዷል።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከትንሹ ጀመርኩ። የ2017። አንድ ለአራት የተጣለ ነው፤ አንድ እጅ ማር፣ አራት እጅ ውሃ።

ስለ መለኪያዬ አንድ ነገር ልበል። የምሠራው ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ሃይድሮሜትር መጠቀም ለምዶብኛል። ብልቃጥ የምታህል ተንሳፋፊ መስታወት ናት። ንጹሕ ውሃ ላይ 1.000 ታነባለች። ስኳር ሲበዛ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች። አንድ ለአራት ብርዝ ወደ 1.084 ነው የሚጠጋው፤ አንድ ለሦስት ከሆነ ወደ 1.105። የኛ ማር ከነሰፈፉ ስለሚገባ ትንሽ ያንሳል። ስኳሩ ወደ አልኮል ሲቀየር ቁጥሩ ይወርዳል። የወረደውን በ131 ስታባዙት የአልኮሉን መቶኛ በግምት ታገኛላችሁ።

የ2017ቱ ከ1.080 ተነስቶ 1.012 ላይ ቆሟል። ወደ 9 በመቶ አልኮል መሆኑ ነው። ብርሌ ውስጥ የጠለለ ቢጫ። ጌሾው ገና ፊት ለፊት ነው፤ ምላስ ዳር ላይ ይቆነጥጣል። ጥሩ ጠጅ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

የ2015 የፈራሁት ደርሶበታል። ቡሹን ስስበው ብስኩት ይመስል ተፈረፈረ። ሽታው ከመቅዳቴ በፊት አፍንጫዬን መታው። አቼቶ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሌሎቹን ጠርሙሶች አጋድሜ ነበር ያስቀመጥኳቸው። እነዚህን ግን ቦታ ጠበበኝ ብዬ አቆምኳቸው። ቡሽ ፈሳሽ ካልነካው ይደርቃል፣ ይሸማቀቃል፣ አየር ያስገባል። አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ያለ አየር ምንም አይሠሩም። አየሩን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ ያው ነው። ሦስተኛውና አራተኛውም ያው።

አክስቴ ደስታዋን ልትደብቅ አልሞከረችም። «አላልኩህም?» አለች። ከዚያ አራቱንም ጠርሙስ ተቀብላኝ በነጠላ አጥልላ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ደረደረቻቸው። ለሰላጣ ይሆናል አለች። እውነቷን ነው፤ ማታ ቲማቲሙ ላይ አፈሰሰችበትና ሳህኑን ጠራርገን በላን።

የ2014 አጭር ነው። ባዶ የውስኪ ጠርሙስ ውስጥ የገባ፣ ክዳኑ በደንብ የሚጠመዘዝ። ቀለሙ እንደ አዲስ ቢጫ፣ ሽታው እንደ አዲስ ማር። የተለወጠው ጌሾው ብቻ ነው፤ መቆንጠጡን ትቷል። ትናንት የተጣለ ነው ብዬ ብምል የሚያምነኝ አይጠፋም። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሳይነቃነቅ መቀመጡ የሚያስመሰግን ይሁን የሚያሰለች አልገባኝም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

የ2013። ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅምና።

ብርሌው ውስጥ እንከን የለውም። ጥልል ያለ፣ የገብስ ጭድ የመሰለ ቀለም። አሸተትኩት፤ ማር፣ ትንሽ የወይራ ጭስ። ተጎነጨሁ፤ ደህና ነው። ዋጥኩት። ደብተሬን አንስቼ «ጥሩ» ብዬ ልጽፍ ስል፣ አሥር ሰከንድ ያህል ቆይቶ፣ ከጉሮሮዬ ሥር አንድ ነገር ወጣ። አይጥ። የእህል ጎተራ ሲከፈት የሚመጣው የአይጥ ሽታ። ውሃ ጠጣሁ፣ አልሄደም። ዳቦ በላሁ፣ አልሄደም።

ወይን ጠማቂዎችም ስሙን ከአይጥ ነው ያወጡለት። የሚያመጡት አንዳንድ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ናቸው። ሽታው ብርሌው ላይ የማይታወቀው ጠጁ አሲድ ስለሆነ ነው፤ በአሲድ ውስጥ ያ ውሕድ አይተንም። አፍ ውስጥ ግን ምራቅ አሲዱን ያረግበውና ሽታው ይለቀቃል። ለዚህ ነው የሚዘገየው። አንድ ማጣሪያ ዘዴ አለ። ጠጁን እጅ ጀርባ ላይ ቀብቶ ማሸት፣ ከዚያ ማሽተት። ሞከርኩት። አይጧ እጄ ላይም አለች።

የሚገርመው ሁሉም ሰው አይሰማውም። አብሮኝ የሚያስተምር ወዳጄ መጥቶ ሁለት ብርሌ ግጥም አድርጎ ጠጣና «ሦስተኛ የለም እንዴ?» አለኝ። የቀሩትን ሦስት ጠርሙሶች ለእሱ ሰጠሁት። በጣም አመሰገነኝ። አይጡን አልነገርኩትም። ይህን የሚያነብ ከሆነ ይቅርታ፤ ግን ካልሸተተህ ምን ቸገረህ?

ደብተሬን ገልጬ ያን ዓመት ምን እንዳደረግን አየሁ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኗል። ጠርሙሶቹ ግን በሙቅ ውሃ ብቻ ተለቅልቀዋል። ከዚያ ሌላ የምጠረጥረው የለም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

የ2012። ይህ ዓመት ማንም አይረሳውም። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ ተባለ፣ ጠጅ ቤቱ ሁሉ ተዘጋ፣ እኛም አንድ ሙሉ ጋን ጠጅ ይዘን እቤት ተቀመጥን። ጠርሙስ ከየት ይምጣ? ሦስቱን በመስታወት፣ ሦስቱን በሃይላንድ ሞላሁ።

ሳላስበው የሠራሁት ሙከራ ሆነ። አንድ ጋን፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጉርጓድ። የተለየው ዕቃው ብቻ ነው።

ሁለቱን ብርሌ መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አቆምኳቸው። የመስታወቱ ወርቅማ ነው። የፕላስቲኩ ሻይ። ፕላስቲክ ጠርሙስ ፈሳሽ አያፈስም እንጂ አየር በግድግዳው ቀስ እያለ ይገባበታል፤ በወር አይታወቅም፣ በስድስት ዓመት ግን ያው እንደምታዩት ነው። የፕላስቲኩ ጣዕም ተቆርጦ ሳህን ላይ ያደረ ፖም ነው። ማሩ ጠፍቷል። አልኮሉ ብቻውን ቆሞ ይታያል፣ የቤት ዕቃ እንደወጣለት ባዶ ክፍል።

የመስታወቱን አክስቴ ቀመሰች። ምንም አልተናገረችም። ግን ብርሌዋን አልመለሰችልኝም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

የ2011። ዋናው ይህ ነው።

ያን ዓመት ግንቦት ላይ ብሳናው እንደ ጉድ አበበ። አናቢው ሰኔ ላይ ቆርጦ ያመጣልን ማር ቀለሙ የጠቆረ ነበር። በጣት ስትቀምሱት መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ከዚያ ይመራል። እኛ የለመድነው የኅዳር ማር ነው፤ ከአደይ አበባና ከኑግ የሚመጣው፣ ቢጫ፣ ቶሎ የሚረጋ። አክስቴ የሰኔውን አይታ «ይሄ ለመድኃኒት እንጂ ለጠጅ አይሆንም» አለች። ገንዘቡ ወጥቶ ነበርና አንድ ለሦስት ጣልነው። የማሩ ምሬት ላይ የጌሾው ምሬት ተጨመረ። በነሐሴ ስንቀምሰው ፊታችን ተጨማደደ። ጎረቤት እንኳን አልጨረሰልንም። አብዛኛው ወደ አምቡላው ተደፋ። አምስቱን ጠርሙስ ያስቀመጥኩት የሚጠጣ ሰው ስላጣሁ ነው።

ዛሬ የንስሐ አባታችን ቤት መጥተው ነበር። ቡናው እስኪፈላ አንዱን ከፈትኩ። አፉን በሰም ደፍኜው ስለነበር ሰሙን በቢላ መቅረፍ ነበረብኝ። ቡሹ እርጥብ ሆኖ ወጣ፤ ሥሩ ጥቁር ቡኒ። ስቀዳው ድምፁ ራሱ ወፈር ያለ ነው። ቀለሙ ብርሃን ላይ ሲያዝ ቀይ ዳማ፤ ብርሌው ዳር ላይ ብቻ ቢጫ ቀለበት አለው።

አሸተትኩ። የተቆላ ገብስ። የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ። በጣም ከርቀት የዕጣን ቤት። ቀመስኩ። ጣፋጭነቱ መጀመሪያ ይመጣል። ልክ «በጣም ጣፈጠ» ልትሉ ስትሉ ምሬቱ ይመጣና ጣፋጩን ይይዘዋል። ያኔ ፊታችንን ያጨማደደው ምሬት ነው፤ የትም አልሄደም። ሹልነቱን ግን ጥሏል። የአክስቴ ጠርሙስ መጥረጊያ ጨርቅ እንኳን ከዚህ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጥሩ ሸተተ።

«አባ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ» አልኩና ሰጠኋቸው። ባረኩና ቀመሱ። ትንሽ ቆዩ። «ይሄ የማን ቤት ጠጅ ነው?» አሉ።

«የራሳችን ነው አባ» አለች አክስቴ፣ እኔን ቀድማ።

«ከየት አምጥታችሁ ነው?»

«ከመዝገብ ቤት» አለች። አልሳቀችም።

እሳቸው ብርሌውን እያዩ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ግብር አነሱ። ይህች ከተማ መንቆረር በምትባልበት ጊዜ የነበረውን። ያን ጊዜ ጠጅ የሁሉም መጠጥ አልነበረም፤ የመኳንንት ነበር። «የዚያን ጊዜ ጋን ስንት ክረምት ይቆይ እንደነበር ማን ያውቃል» አሉ። እኔ በልቤ «ከረመ» የሚለው ቃል ራሱ ክረምትን ካለፈ ነገር የመጣ ነው እያልኩ ነበር። ይሄ ጠጅ ሰባት ክረምት አልፏል።

ልኬቱ 1.034። አልኮሉ ወደ 9 ተኩል። ከ2014ቱ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ የሚሆን ስኳር ቀርቶበታል። ይህን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

የ2010፣ በጥንቃቄ። ጓንት አድርጌ፣ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልዬ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ያን ዓመት አንድ ሰው የቆርኪ መዝጊያ አዋሰኝ። ጉጉት ይዞኝ በአርባ ቀኑ የቢራ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቼ ዘጋሁት። ጠጁ ገና አልጨረሰም ነበር። በአንድ ሊትር ውስጥ 4 ግራም ስኳር ብቻ ቢቀር እንኳን፣ እሱ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል። የኔው ስንት 4 ግራም እንደቀረበት አሁን ሳስበው ያልበኛል። ነሐሴ ላይ ሌሊት አንዱ ፈነዳ። ከዚያ ሌላው። ጥይት መስሎን መሬት ላይ ተኛን። አክስቴ መደቡ ላይ ነበረች፤ ማለትም በትክክል ከላዩ። ከስምንቱ አምስቱ ሄዱ።

የተረፉት ሦስቱ እንዴት እንደተረፉ አላውቅም። ዛሬ አንዱን ጓሮ ወስጄ ቆርኪውን ቀስ አድርጌ አላላሁት። ሩቡ አረፋ ሆኖ ኮባው ላይ ወጣ። የቀረው ግን፣ ላሞካሸው አልፈልግም፣ ግን ድንቅ ነው። ስኳር የሚባል የለውም፤ 1.001። አረፋው ደቃቅ ነው፣ ቶሎ አይጠፋም። ሽታው ከምጣድ የወጣ ድፎ ዳቦ። የሞተ እርሾ ሥሩ ላይ ሲከርም ይህን ሽታ ይሰጣል። ሻምፓኝ የሚባለው ወይን በሕግ ቢያንስ 15 ወር ጠርሙሱ ውስጥ የሚቆየው፣ ከዚያም 12ቱን ወር ከእርሾው ጋር የሚያድረው ለዚሁ ነው። እነሱ ግን ጠርሙሱን ወፍራም አድርገው ነው የሚሠሩት።

ዳግመኛ አልሠራውም። አክስቴ የመጥረጊያ እንጨት ይዛ እየተጠባበቀች ነው።

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ የነቢያት ጾም ቅበላ

ነገ ጾም ይገባል። ስለዚህ ሁለቱን አሮጌዎች ዛሬ ከፈትኩ።

የ2008 አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር። ደክሟል። ውሃ ውሃ ይላል፤ ጎምዛዛ ነገር መጨረሻው ላይ። አንድ ለአምስት የተጣለ ነው፤ ያን ዓመት ማር ተወዶብን ነበር። አልፈን እንሂድ።

የ2007 የወንድሜ ልጅ ክርስትና የተነሳችበት ጠጅ ነው። አክስቴ ያኔ ልቧ ሞልቶ አንድ ለሁለት ጣለችው። ሰው ሁሉ «ይሄማ ማር ነው» ብሎ ግማሽ ብርሌ ላይ ተወው። ከግብዣው የተረፈውን በሁለት የወይን ጠርሙስ ሞልቼ፣ ቡሽና ሰም አድርጌ፣ ድንቹ መሃል አስቀመጥኩ። ከዚያ ረሳሁት። መዝገብ ቤቱ የተጀመረው በመርሳት ነው።

ስከፍተው ጓዳው ውስጥ የተሰበሰብነው ሁሉ ዞር አልን። የወንድሜ ሚስት «አብሽ የሚያበጥር አለ እንዴ?» አለች። የሚያበጥር አልነበረም። ከጠርሙሱ ነው።

ይህ ሽታ ስም አለው። ሶቶሎን ይባላል። አብሽን አብሽ የሚያሸትተው ይኸው ውሕድ ነው። ያረጁ ጣፋጭ ወይኖች ውስጥም፣ ማዴይራ በሚባለው የፖርቱጋል ወይን ውስጥም ይገኛል። በፈረንሣይ ዡራ በሚባል አካባቢ «ቢጫ ወይን» የሚሉት አላቸው፤ ከ6 ዓመት ከ3 ወር በፊት በርሜል ውስጥ ከታሰረበት አይወጣም፤ ዋና ሽታው ይኸው ሶቶሎን ነው። በጣም ትንሹ ጠብታ ይበቃዋል። ይህን አነብ ነበር። የአክስቴ ጓዳ ውስጥ አሸተዋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። ለሌላ አገር ሰው ይህ እንግዳ ሽታ ነው። ለኛ ግን የእናት ቤት ሽታ ነው፤ አብሽ ያልጠጣ ማን አለ?

ቀለሙ የቡና ነው። ከብርሌው ስትጠጡ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። 1.052። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ አልፎት እንኳን የጣፈጠው ይሄ ነው። ልጅቷ በጣቷ ነክራ ቀመሰችና «የተቃጠለ ከረሜላ» አለች። ከኔ ሁሉ ማስታወሻ የሷ ይሻላል።

አክስቴ ቁጭ ብላ፣ ብርሌውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀስ እያለች ጠጣች። «ማር አበዛሽ ብላችሁ ሰድባችሁኝ ነበር» አለች። አልሰደብናትም ነበር። ግን አልተከራከርኩም።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ደብተሩን ዘርግቼ አየሁት። ዓመቱ ራሱ ምንም አይነግረኝም። የ2008 ከ2007 በአንድ ዓመት ያንሳል፣ ግን ሞቷል። የ2015 ገና ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሰላጣ ላይ ፈሰሰ። የሚነግረኝ ሌላ ዓምድ ነው፤ ስንት እጅ ማር፣ ምን ዓይነት ክዳን። ስኳር የቀረበት ቆይቷል። አየር ያልገባበት ቆይቷል። ምሬት ያለበት ሲቆይ አምሯል።

ፖላንዶች የማር ጠጅ አላቸው፤ በእጅ ነው የሚለኩት፣ እንደኛ። አንድ ለሦስቱን ቢያንስ 9 ወር፣ አንድ ለሁለቱን አንድ ዓመት፣ አንድ ለአንዱን 2 ዓመት ያስቆዩታል። አንድ ማር ለግማሽ ውሃ የሚሉት አለ፣ እሱን 3 ዓመት። ማር በበዛ ቁጥር ዕድሜ ይጨምራሉ። አክስቴ ይህን ስነግራት «እና ይሄን ለማወቅ ፖላንድ ድረስ መሄድ ነበረብህ?» አለች።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ማሩ ከጮቄ ተራራ ሥር መጣ። ቢጫ የኅዳር ማር፣ ከነሰፈፉ። ከእሱ ጋር ከሰኔ የተረፈ አንድ ጣሳ የብሳና ማር ቀላቀልኩበት።

ጋኑን በግራዋ ፈተግን። በወይራ አጠንን፤ አክስቴ ጋኑን ፍሙ ላይ ደፍታ፣ ጭሱ ከሥሩ እስኪወጣ ድረስ ያዘችው። ዘንድሮ አንድ ለሁለት ነው። ብርዙ 1.132 አነበበ። ወፍራም ነው፤ እርሾ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ውስጥ ይደክማል። ማር ደግሞ ናይትሮጅን የሚባል የእርሾ ምግብ እምብዛም የለውም። ስለዚህ ከጎረቤት ገና ከሚፈላ ጋን አንድ ጣሳ አምቡላ ለምነን ጨመርንበት።

ጠርሙሶቹን በዚህ ጊዜ አፈላኋቸው። አይጧ ትዝ እያለችኝ።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ሰፈፉ ተነሳ። ጌሾው ገባ፤ እንጨቱ ብቻ፣ ቅጠል የለም። አክስቴ ከለመደችው ሩብ ጨመረች። «ይቆያል ካልክ ይምረር» አለች። ይህን ከሷ አፍ መስማቴን ደብተሬ ላይ ከነሰዓቱ ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ጌሾው ወጣ። 1.096። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ጆሮዬን ጋኑ ላይ ሳስደግፍ ውስጡ ይንሾካሾካል።

ጥር 17፣ እሑድ

በበዓሉ እንግዳ ሲመጣ አክስቴ ጋኑን አስከፍታ አትሰጥም ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ሰጠች እንዴ? አልሰጠችም። አፉን ራሷ መርጋ፣ ላዩ ላይ የዳንቴል ጨርቅ አልብሳ፣ እንግዶቹን ጠላ አጠጣቻቸው። አንዱ ሽማግሌ ጋኑን እያየ «ያኛውስ?» ቢላት «እሱ የመዝገብ ቤት ነው» አለችው።

ዛሬ ምርጊቱን በጥንቃቄ ከፍቼ ለካሁ። 1.071። ወደ 8 በመቶ ደርሷል፤ አሁንም ይፈላል። ቀመስኩት። በጣም ይጣፍጣል፣ በጣም ይመራል፣ ሁለቱም ለየብቻቸው። መልሼ መረግሁት። ለፋሲካ እንደገና አየዋለሁ። ቆርኪ መዝጊያውን ለባለቤቱ መልሻለሁ።